ከጠመንጃ እስከ ዓይን፦ ወፍ መለየት እንዴት ተጀመረ? እኛስ ከየት እንጀምር?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ስለ ወፍ ደጋግሜ ስለለጠፍኩ በውስጥ መስመር ሁለት ጥያቄ ደረሰኝ። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ወፍ ማየት የቱሪስት ሥራ አይደል እንዴ? ለኛ ቁራና ርግብ ማወቅ አይበቃም?» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን ሁሉም ትንሽ ቡናማ ወፍ እየሆነብኝ ተውኩት። ከየት ልጀምር?» ብላ ጻፈችልኝ።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅኩ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የባዮሎጂ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ በማውቀው በኩል ልመልስ። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ታሪኩ ውስጥ አለ ባይ ነኝ። ምክንያቱም የዱር ወፍን ሳይገድሉ፣ በዓይንና በጆሮ ብቻ ለይቶ ስሙን መጥራት በትምህርቱ ዓለም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የኛ እረኛ ግን ድሮም ሲያደርገው የኖረ ሥራ ነው። ጀማሪ ሆኖ ወፍ መማር ማለት አዲስ የፈረንጅ ነገር መጀመር ሳይሆን የተውነውን ማንሳት ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

መጀመሪያ ከቤታችን እንነሳ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን አውጡና የማይበሉትን ወፎች ዝርዝር እዩ። ጉጉት፣ ቁራ፣ ሽመላ፣ ጋጋኖ፣ እርኩም፣ ይብራ፣ ሳቢሳ፣ ጭላት፣ ጅንጁላቴ... ስም በስም ነው። ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች እነዚህን ስሞች ከሰማይ አላመጧቸውም፤ ሕዝቡ አፍ ላይ የነበሩ ናቸው። ክፍል ውስጥ ጠይቄ አውቃለሁ። ጉጉት ስል ሁሉም እጁን ያወጣል። ጅንጁላቴ ስል ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። ጅንጁላቴ ግን ሜዳ ላይ በረጅም መንቆሯ ሣሩን ስትወጋ የምናያት፣ ክንፏ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነ፣ ስትደነግጥ ጭንቅላቷ ላይ ያለውን ጉትዬ እንደ ማራገቢያ የምትዘረጋው ወፍ ናት። ወፏ አለች፣ ስሟም አለ፤ ሁለቱ ግን ተለያይተዋል።

አሁን ደግሞ ስሞቹን ራሳቸውን ልብ በሉ። ግንደ ቆርቁር። ጥምብ አንሳ። ዓሣ አውጪ። አንዳቸውም ስለ ቀለም አያወሩም። ሦስቱም የሚናገሩት ወፉ ስለሚሠራው ሥራ ነው። አባቶቻችን ወፍ የሚለዩት መጀመሪያ «ምን እያደረገ ነው?» ብለው ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በእርግጥ የገበሬ ስም ሁሉንም ወፍ አያዳርስም። ገበሬው የሚበላውን ቆቅና ጅግራ፣ ጫጩት የሚነጥቀውን ጭልፊት፣ ማሽላውን የሚጨርሰውን ግሪሳ ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል። የማይጠቅመውንና የማይጎዳውን ትንሽ ወፍ ግን «ወፍ» ብሎ ያልፈዋል። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ለዚህ ሁሉ የተለየ የአማርኛ ስም አለን ብል ውሸት ይሆናል። ታዲያ ያልሰየምናቸውን ማን ሰየማቸው?

*

የሰየሟቸው ጠመንጃ ይዘው የመጡ እንግዶች ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ሊማሊሞን አልፏል። ተራራው ላይ አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሊበሉ ሲሉ አንድ ግዙፍ ወፍ መጥቶ ከመሐላቸው አረፈ፤ ከሥጋውም አንሥቶ ሄደ። ሰዎቹ ደነገጡ። ወፉ ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ ተኩሶ ገደለው፤ ለካው፣ መዘነው፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ እሱ ጻፈ። ይህ ወፍ ዛሬም ሰሜን ተራሮች ላይ የሚታየው፣ አጥንት ከሰማይ ወደ ድንጋይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ባለጺም አሞራ ነው። የሚገርመው፣ ሕዝቡ ወፉን «ባለጺሙ አባት» በሚል ትርጉም እንደሚጠራው ብሩስ ራሱ ጽፏል። የመለያ ምልክቱ በአካባቢው ሰው ዘንድ የታወቀ ነበር ማለት ነው፤ መንቆሩ ሥር እንደ ጺም የተንጠለጠለው ጥቁር ላባ። ያንን ለማየት መግደል አላስፈለጋቸውም። ብሩስ ስለ እርኩምም ጽፏል፤ በአንድ በኩል እርኩም፣ በሌላው በኩል አባ ጉምባ እንደሚባል ሁለቱንም ስም መዝግቧል።

ከሱ በኋላ ሄንሪ ሶልት መጣ። በ1814 በወጣው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ካመጣቸው ወፎች ሁለቱ የቦታ ስም ተሰጣቸው። ጥቁር ክንፍ ያላት አረንጓዴ በቀቀን «ታራንታ» ተባለች፤ ከምጽዋ ወደ ደጋ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለው ተራራ ስም። አበባ የምትቀስም፣ ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊ የሚያብረቀርቅ ወፍ ደግሞ «ታካዜ» ተባለች። አዎ፣ የኛ ተከዜ! በዓለም ሳይንስ መዝገብ ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። የደጋ ልጅ ሁሉ አበባ ላይ ስታንዣብብ ያያታል፤ ስሟ የወንዛችን ስም መሆኑን የሚያውቅ ግን ስንት ነው?

በ1830ዎቹ መጀመሪያ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል መጣ፤ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አዳረሰ። ጭንቅላቱ ኋላ ነጭ ምልክት ያለበት ባለ ወፍራም መንቆሩ ቁራ፣ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት የገደልና የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ርግብ፤ ሦስቱንም ለሳይንስ የገለጻቸው ሩፔል ነው። በስሙ የተጠራው ትልቁ ጥምብ አንሳ ደግሞ ሌላ ዝና አለው። በ1973 አቢጃን አቅራቢያ አንድ አውሮፕላን በ11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከወፍ ጋር ተጋጨ። የተረፈው ላባ ተመርምሮ ወፉ የሩፔል ጥምብ አንሳ መሆኑ ታወቀ።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድርና የእንስሳት አጥኚ አብሮ መጥቷል። ከመቅደላ የብራና መጻሕፍትና ዘውድ መወሰዱን ክፍል ውስጥ አስተምራችኋለሁ። ከዚያው ዘመቻ ጋር የወፍ ቆዳም ተጭኗል። ብላንፎርድ በ1870 ስለ አገራችን ሥነ ምድርና እንስሳት መጽሐፍ አሳተመ።

ለምን ይገድሉ ነበር? ጭካኔ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን መነጽር ደካማ ነው፤ የሚመሳሰሉ ወፎችን ለመለየት የክንፍ ርዝመት መለካት፣ ከሙዚየም ቆዳ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ1874 አሜሪካዊው ኤሊየት ኩዝ ለጀማሪዎች በጻፈው መመሪያ ውስጥ ዋናው መሣሪያ ጠመንጃ ነው። ጀማሪ ማለት ተኳሽ ማለት ነበር።

*

ይህንን የለወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ፕሮፌሰሮች አልነበሩም።

በ1889 ፍሎረንስ ሜሪያም የተባለች በ20ዎቹ ዕድሜ ያለች አሜሪካዊት ለጀማሪዎች መጽሐፍ አወጣች። መሣሪያዋ ሰዎች ቲያትር ቤት መድረክ ለማየት የሚይዙት ትንሽ መነጽር ነበር። ጊዜው የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ፣ አንዳንዴም በሙሉ ወፍ የሚያጌጥበት ነው። እሷ ግን ለጓደኞቿ፣ ውጡና በሕይወት እያለች እዩአት አለች። በ1894 ጀርመን የሚገኘው የዛይስ ፋብሪካ ጥራት ያለው ባይኖኩላር መሸጥ ጀመረ። ዓይን እየረዘመ ሲሄድ ጠመንጃው ሥራ እየፈታ መጣ።

በ1900 ደግሞ ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የኒውዮርክ ሙዚየም ሰው አንድ ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካ ውስጥ በገና ዕለት ቡድን ከፍሎ ብዙ የገደለ ያሸንፋል የሚባል የአደን ውድድር ነበር። ቻፕማን፣ በዚያው ቀን እንውጣ፣ ግን አንግደል፣ እንቁጠር አለ። የመጀመሪያው ዓመት 27 ሰው ወጣ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የትኛው ወፍ እየቀነሰ፣ የትኛው እየበዛ እንደሆነ ከሚታወቅባቸው ትልልቅ መዝገቦች አንዱ ሆኗል። አስቡት፤ አብዛኛውን የሚቆጥሩት ተራ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን መጣ። እሱም እንደኔ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1934፣ በ25 ዓመቱ፣ ኪስ የሚገባ መጽሐፍ አሳተመ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ወፎቹን ከሩቅ እንደሚታዩት አድርጎ ሣላቸው፤ ከዚያ አንዱን ከሌላው የሚለየው ቦታ ላይ ትንሽ መስመር አመለከተ። እዚህ ጋ እይ፣ ጅራቱን። እዚህ ጋ እይ፣ ቅንድቡን። ላባውን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግህም፤ አንዱን ልዩነት ያዝ። መጀመሪያ የታተመው 2,000 ቅጂ ወዲያው አለቀ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የኪስ የወፍ መጽሐፍ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ እኛን የሚነካበት ቦታ አለ። ፒተርሰን በ17 ዓመቱ፣ በ1925፣ ኒውዮርክ ውስጥ ያገኘውና የሚያከብረው ሠዓሊ ነበር፤ ሉዊስ አጋሲ ፈርቴስ። ፈርቴስ በቀጣዩ ዓመት ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ራስ ተፈሪን አገኘ፤ ከደቡብ ተራሮች እስከ ጎጃምና ሰሜን ተጓዘ፤ ከመቶ በላይ የወፍና የእንስሳት ሥዕል ሠራ። በ1927 ወደ አገሩ ተመለሰ። በነሐሴ ወር ሥዕሎቹን ለዚያው ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ሲመለስ መኪናውን ባቡር ገጨው፤ ፈርቴስ ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተወርውረው ተረፉ። በ1930 ሙዚየሙ ከነሱ መካከል 32ቱን በአልበም አሳተመ። ብዙዎች የሕይወቱ ምርጥ ሥራ ይሉታል። የኛን ወፎች ሣለ፣ የሣላቸው ወፎች የመጨረሻ ሥራው ሆኑ።

ፈርቴስም የሚሥለው በአብዛኛው ከተገደለ ወፍ ነበር። የሱን ሥራ ያየው ወጣት ግን መግደል የማያስፈልግበትን መጽሐፍ ጻፈ። ታሪክ እንዲህ ነው የሚሻገረው።

*

አሁን የኔ ተወዳጅ ክፍል፤ ባለሙያዎቹ ያመለጧቸው ወፎች። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ማበረታቻ የለም።

አንደኛ። ጣሊያናዊው ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1893 መጨረሻ ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል የአንድ የሚያምር የጫካ ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ ቱራኮ ከሚባሉት ወገን ነው። በ1896 በስሙ ተሰየመለት። ችግሩ፣ ወፉ የት እንደተገኘ የሚናገር ማስታወሻ አልነበረም። ያወቀው ሰው ሞቷል። ሳይንቲስቶች ወፉን በሕይወት መልሰው ያገኙት በ1940ዎቹ ነው። አንድ መስመር ማስታወሻ፣ «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን» የሚል፣ የ40 ዓመት ፍለጋ ያስቀር ነበር።

ሁለተኛ። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራው የጣሊያን ቡድን ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ ነበር። አንቲኖሪ የወፍ አዋቂ ነው፤ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ለዓመታት ወፍ ሲሰበሰብ አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ገደል ላይ የምትኖር ወፍ ግን ማንም አልመዘገባትም። ለሳይንስ የተገለጸችው በ1979 ነው፤ ጆን አሽ በተባለ እንግሊዛዊ። ስሟም ከአንኮበር ተወሰደ። «ሁሉም ትንሽ ቡናማ ወፍ ሆነብኝ» ላልሽኝ ልጅ፣ ብቻሽን አይደለሽም ማለት ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ለሁሉም ቡናማ ወፍ ነበረች።

ሦስተኛ። በ1990 ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተሰማሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው ወፍ አገኙ። ጤነኛ የቀረው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ነፍሳት እያሳደደ ከሚበላ ወገን ነው። ክንፉ ከሚታወቁት ከየትኞቹም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የላቲን ስሙ ትርጉም «ክንፍ ብቻ» እንደማለት ነው።

በነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ የጎደለ ሰው አለ። ሩስፖሊን ማን መራው? ለሩፔል «ይሄ ወፍ እዚያ ገደል ላይ ነው የሚያድረው» ብሎ ያሳየው ማነው? የአንቲኖሪን ዕቃ የተሸከመው፣ ወፉ የሚጮህበትን ሰዓት የነገረው ማን ነበር? በወፎቹ ስም ውስጥ የነሱ ስም የለም። የተከዜና የአንኮበር ስም ገባ፤ የሰዎቹ ግን አልገባም። ምክንያቱ ባለማወቃቸው አይደለም። ስላልጻፉት ነው።

*

እሺ፣ ከየት እንጀምር? ባይኖኩላር ከሌለህ አትጨነቅ፤ ካለህ እሰየው። ደብተርና እስክሪብቶ ግን ያዝ። ታሪኩ የሚያስተምረን ቅደም ተከተል ይኸው።

መጀመሪያ፣ መጠን። ሦስት ወፍ መለኪያ አድርግ፤ ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ቁራ። አዲስ ወፍ ስታይ «ከድንቢጥ ይበልጣል? ከርግብ ያንሳል?» በል። ይህን ብቻ በመጠየቅ ከፊቱ ከነበሩት አማራጮች አብዛኛውን ትጥላለህ።

ሁለተኛ፣ መንቆር። መንቆር የሥራ መሣሪያ ነው። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ሰባሪ ነው። ቀጭንና የታጠፈ ከሆነ አበባ ይቀስማል። ጫፉ እንደ ሜንጦ ከሆነ ሥጋ በል ነው። ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ሆኖ ወፉ ዶሮ የሚያህል ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ መሬት የሚወጋው ጋጋኖ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራ። የአባቶቻችን ጥያቄ፤ ምን እያደረገ ነው? ይራመዳል ወይስ ይዘላል? ጅራቱን ያወዛውዛል? ግንድ ላይ ይወጣል? ሰማይ ላይ ያለ ትልቅ ወፍ ስታይ ጅራቱን እይ። ሥጋ ቤት አካባቢ የምትዞረዋ፣ ከእጃችን ሳይቀር የምትነጥቀዋ፣ በየአካባቢው ጭላት፣ ጭልፊት ወይም ዝም ብሎ አሞራ የምትባለዋ፣ ጅራቷ መሐሉ ገባ ያለ ሹካ ነው፤ ስትበርም እያጣመመች ትቀዝፍበታለች። ጥምብ አንሳ ግን ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር ነው። አንዴ ይህን ከያዝክ ሁለተኛ አታምታታቸውም።

አራተኛ፣ ቦታና ወቅት። የሩስፖሊን ማስታወሻ አትርሳ። የት? መቼ? ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ብዙ ወፎች አሉ፤ ከብት እግር ሥር እየሮጠ ጅራቱን የሚያወዛውዘው ቢጫ ወፍ አንዱ ነው። ሐምሌ ላይ ፈልገህ ብታጣው የጠፋ እንዳይመስልህ።

አምስተኛ፣ ድምፅ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋህ ውስጥ ሆነህ ስንት የተለያየ ድምፅ እንደምትሰማ ቁጠር። ስማቸውን ሳታውቅ መጀመሪያ ለያቸው። ማየት የተሳነው ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ወፍ አዋቂ መሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ ቀለም። አዎ፣ በመጨረሻ! ጀማሪ ሁሉ ከቀለም ይጀምራል፤ ቀለም ግን ይሸውዳል። የመስቀል ወፍን እንውሰድ። በአደይ አበባ ሰሞን ብቅ ብሎ ከዚያ ይጠፋል እንላለን፤ ቀጠሮ አለው እንላለን። በኛ አካባቢ የመስቀል ወፍ እያልን የምናሳያቸው ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የሚለብሱት ወንዶች ግን ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። በክረምቱ ዝናብ ለመራቢያ ልብሳቸውን ይለውጣሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባቸው ረግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ድንቢጥ የሚመስሉ ይሆናሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጥሩ ላይ ከተደረደሩት «ተራ» ወፎች መካከል ያ የመስከረም ሙሽራ ሊኖር ይችላል። መጠኑን፣ መንቆሩንና ጠባዩን የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለሙን ብቻ የያዘ ግን ጠፋ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሳምንት አንድ ወፍ ይበቃል። በሳምንት አንድ ብትይዙ በዓመት 52 ትሆናላችሁ። ይህ ከአካባቢያችሁ ሰው ሁሉ በላይ ያደርጋችኋል።

*

«ታዲያ ምን ያደርግልናል?» ለሚለኝ፣ የመጨረሻው ታሪክ ይኸው።

ነጌሌ ቦረና አጠገብ የሊበን ሜዳ አለ። እዚያ ሣር ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የተገለጸችው በ1975 ነው። ወንዱ ከሣሩ በላይ እየተነሳ ይዘምራል፤ ከዚያ ውጭ ዓይን የሚስብ ነገር የላትም። ሜዳው ሲታረስ፣ ሲጋጥና ቁጥቋጦ ሲወርሰው መኖሪያዋ ጠበበ። ከሊበን ሌላ የምትታወቀው ጅጅጋ አካባቢ ብቻ ነው። በ2009 ተመራማሪዎች ይህች ወፍ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በሰው ዓይን ፊት ከምድር የጠፋች የመጀመሪያዋ ወፍ ልትሆን ትችላለች ብለው አስጠነቀቁ። ጥምብ አንሳዎቻችንም ቢሆኑ፣ የሩፔሉን ጨምሮ፣ ዛሬ በዓለም ደረጃ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድበዋል።

ልብ በሉ። አንበሳ ቢጠፋ ሁሉም ያውቃል። አንዲት ቡናማ ወፍ ብትጠፋ ግን የሚያውቀው እሷን ከሌላዋ ቡናማ ወፍ መለየት የሚችል ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በአካባቢው ከሌለ መጥፋቷ እንኳ አይመዘገብም። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ምስክር የሌለው ነገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እንዳልነበረ ይሆናል።

ደግሞም ሥራው ተጀምሯል፤ ከዜሮ አይደለንም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ አለ። በ1996 በአገሪቱ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎች ተለይተው በመጽሐፍ ወጥተዋል። ዛሬ ጎበዝ አስጎብኚዎቻችን ከፈረንጁ ቀድመው ወፉን በድምፁ ይጠሩታል። የጎደለው፣ ይህ እውቀት ከአስጎብኚ አልፎ ወደ ተማሪው፣ ወደ ገበሬው ልጅ፣ ወደ ኮንዶሚኒየም በረንዳ መውረዱ ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ቲቸር መሆኔ አይቀርም። የዚህ ሳምንት አንድ ወፍ ምረጡ። መጠኑን፣ መንቆሩን፣ ሥራውን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ሰው ሂዱ፤ እናታችሁ ጋ፣ አያታችሁ ጋ፣ ግቢውን የሚጠብቁት አባባ ጋ። «ይህን ወፍ እናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በጉራጊኛም፣ በሲዳምኛም ይሁን፣ ስሙን ከነአካባቢው እዚህ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። የነገራችሁን ሰው ስም ደግሞ፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በደብተራችሁ ጻፉ።

ሰብስቤ ለሁላችሁም እለጥፈዋለሁ። መልካም ሳምንት!